ነፋስ የሚመታው ቃጭል

«ምን እንደ ሐውልት ትገተራለህ?» ይባላል በአገራችን። አባባሉ የሚያስረዳው ሐውልትን የምናውቀው በአለመንቀሳቀሱና በዝምታው መሆኑን ነው። እንግዲህ የሚንቀሳቀስ፥ ሲንቀሳቀስም እንደ ቃጭል እየተሰማ ልብን የሚያሳርፍ የቅርፃ ቅርፅ ዓይነት አለ ብንል አንባቢ «ይህማ እንዴት ይሆናል?» ሳይል አይቀርም። እኛም በቅርቡ በመኝታ ክፍላችን ይህንኑ ስናነሣ፥ የምሕንድስና ተማሪ የሆነ ጓደኛችን «ይህ የሕፃናት መጫወቻ እንጂ ሥነ ጥበብ አይደለም፤ ዜማውን ያወጣው ሰው የለምና» ሲል ተከራከረን። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በዚያ ሌሊት አጥጋቢ መልስ መስጠት ስላልቻልን ነው። ነገሩ ከየት እንደ መጣ፥ እንዴት እንደሚሠራ፥ ስለ ምንስ ደስ እንደሚያሰኝ በተቻለን መጠን እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በነፋስ የሚያቃጭል ነገር መስቀል የቆየ ልማድ ነው። የጥንት ሮማውያን ትንንሽ ደወሎችን በደጃፋቸው ያንጠለጥሉ ነበር። ጃፓናውያን በበጋ የመስታወት ቃጭል በመስኮት ላይ ይሰቅላሉ፤ ድምፁን ሲሰሙ ነፋስ መምጣቱን ስለሚያውቁ ሙቀቱ የቀለለላቸው ይመስላቸዋል። ነገር ግን እነዚህ የቤት ዕቃዎች ነበሩ እንጂ ማንም ቅርፃ ቅርፅ ብሎ አልጠራቸውም። በሌላ በኩል የቅርፃ ቅርፅ ባለሙያዎች እንቅስቃሴን በሥራቸው ውስጥ ማስገባት የጀመሩት በሃያኛው መቶ ዓመት ነው። ማርሴል ዱሻምፕ በ1913 የብስክሌት ጎማ በበርጩማ ላይ ተክሎ በእጁ አሽከረከረ። ናኡም ጋቦ ደግሞ በ1919 እና በ1920 መካከል በሞስኮ አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ በኤሌክትሪክ ሞተር አርገበገበ፤ ዘንጉ ሲርገበገብ በአየር ላይ የቆመ ማዕበል መስሎ ይታያል። ጋቦና ወንድሙ አንትዋን ፔቭስነር በ1920 ባወጡት መግለጫም እንቅስቃሴ ራሱ እንደ ድንጋይና እንደ ነሐስ የሥነ ጥበብ መሥሪያ መሆን እንዳለበት አስታወቁ። እንግዲህ በአንድ ወገን የደጃፉ ቃጭል፥ በሌላ ወገን የሚንቀሳቀሰው ቅርፅ፥ ሁለት ወንዞች ሆነው ለየብቻቸው ሲፈሱ ቆዩ ማለት ነው። ሁለቱን ካገናኙት ሰዎች ሦስቱን ብቻ እናነሣለን።

የመጀመሪያው አሜሪካዊው አሌክሳንደር ካልደር ነው። በ1898 ተወለደ፤ አባቱም አያቱም ቅርፅ አውጪዎች ነበሩ። እርሱ ግን አስቀድሞ የተማረው የሜካኒካል ምሕንድስና ሲሆን በ1919 ተመረቀ። (የምሕንድስና ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ጥቂት ለዘብ ማለቱን ሳንገልጽ አናልፍም።) በ1930 በፓሪስ የሠዓሊውን የሞንድሪያንን መሥሪያ ቤት በጎበኘ ጊዜ በግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ባለ ቀለም ካርቶኖች አይቶ «እነዚህ ቢወዛወዙ መልካም ነበር» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሞንድሪያን አልተቀበለውም፤ ካልደር ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ሐሳቡን አልለቀቀም። በሚቀጥለው ዓመት የሚንቀሳቀሱ ሥራዎቹን ያየው ዱሻምፕ «ሞባይል» የሚል ስም ሰጣቸው። ዛሬ ሞባይል ሲባል ሁላችንም እጃችንን ወደ ኪሳችን ብንሰድም፥ ቃሉ በሥነ ጥበብ ዓለም የሚያገለግለው ከስልኩ ብዙ ዘመን ቀድሞ ነው።

የካልደር ሞባይል አሠራር በሚዛን ሕግ የተመሠረተ ነው። በአንድ ዘንግ ጫፍ ከባድ ነገር፥ በሌላው ጫፍ ቀላል ነገር ቢንጠለጠል፥ ማንጠልጠያው ወደ ከባዱ ከቀረበ ዘንጉ ይተካከላል። ያ ዘንግ በሙሉ ደግሞ በሌላ ዘንግ ጫፍ ላይ እንደ አንድ ክብደት ይሰቀላል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ ካልደር ከትንሹ ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ ይሠራ ነበር። ትንሽ ነፋስ ሲነካው አንዱ ክንድ በሌላው ላይ ይዞራል፤ ያንኑ አቋም በድጋሚ ማየትም አስቸጋሪ ነው።

ለርእሳችን የሚቀርበው ግን በ1932 እና በ1933 መካከል የሠራው «ትንሽ ኳስና ከባድ ኳስ» የተባለው ሥራ ነው። ከጣሪያ በተንጠለጠለ ዘንግ አንድ ከባድ የብረት ኳስና አንድ ትንሽ የእንጨት ኳስ ይሰቀላሉ። ወለሉ ላይ ጠርሙሶች፥ ቆርቆሮ፥ የእንጨት ሣጥንና ጎንግ የሚባለው ክብ የብረት ሰሌዳ ተቀምጠዋል። ተመልካቹ ከባዱን ኳስ ገፋ ሲያደርገው ትንሹ ኳስ ይከተልና አንዱን ዕቃ ይመታል፥ ሌላውን ይስታል። ጠርሙሶቹንና ሣጥኑን እንደ ወደደ የሚያዛውረውም ተመልካቹ ነው። መቼ ምን እንደሚሰማ ካልደር ራሱ አስቀድሞ ሊናገር አይችልም ነበር።

ሁለተኛው ሃሪ በርቶያ ነው። በ1915 በሰሜን ኢጣልያ በምትገኝ ሳን ሎሬንዞ በምትባል መንደር ተወልዶ በ15 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ሄደ። በ1952 ለኖል ኩባንያ የወጠናቸው ከብረት ሽቦ የተሠሩ ወንበሮች ታዋቂ አደረጉት፤ ከዚያ ያገኘው ገቢም ወደ ቅርፃ ቅርፅ ሥራው እንዲመለስ አስቻለው። በ1960 አካባቢ ሽቦ ሲያጎብጥ ሽቦው ከሌላ ብረት ጋር ተጋጭቶ ድምፅ ሰጠ። በርቶያም «አንዱ ሽቦ ይህን ያህል ካሰማ ብዙዎቹ ቢሆኑስ?» ብሎ አሰበ። ከዚያ በኋላ ከመዳብ ቅይጥና ከሌላም ብረት የተሠሩ ቀጫጭን ዘንጎችን በረድፍ በረድፍ በአንድ መሠረት ላይ ተከለ። ዘንጎቹ ሲነኩ እንደ ደረሰ የስንዴ ማሳ ይወዛወዛሉ፤ ሲጋጩም ረጅም ጊዜ የሚቆይ ድምፅ ያወጣሉ። በፔንሲልቬንያ በነበረው አሮጌ የእርሻ መጋዘን ውስጥ ብዙዎቹን አሰልፎ በእጁ እየዳሰሰ ያጫውታቸው ነበር። ድምፃቸውንም «ሶናምቢየንት» በሚል ስም በሸክላ አስቀርጿል። በ1975 ደግሞ በቺካጎ ከተማ በአንድ ረጅም ሕንፃ ፊት በተሠራ የውሃ ገንዳ ውስጥ ዘንጎቹን ተከለ፤ በዚያ የሚያጫውታቸው የሐይቁ ነፋስ ሆነ። በርቶያ በ1978 ዐረፈ።

ሦስተኛው በ1926 የተወለደውና በ2021 ያረፈው ጆርጅ ሮድስ ነው። የእርሱ ሥራ የሚንቀሳቀሰው በነፋስ ሳይሆን በክብደት ነው። ሞተር ኳሶችን ወደ ላይ ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ሥራ የለውም። ኳሶቹ በጠመዝማዛ ሐዲድ ላይ እየተንከባለሉ ሲወርዱ ቃጭሉን፥ ጎንጉን፥ የእንጨት ሰሌዳውን እየመቱ ያልፋሉ። በየመንታ መንገዱ አንዱን ኳስ ወደ ቀኝ፥ ሌላውን ወደ ግራ የሚመልስ መዝጊያ ስላለ የድምፁ ቅደም ተከተል ይለዋወጣል። በ1983 የሠራው አንዱ ሥራው የተተከለው በኒው ዮርክ በታላቁ የአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ነበር። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ወደ መናኸሪያ የሚሄድ ሰው ሥነ ጥበብ ሊያይ አይሄድም፤ ሻንጣውን ይዞ፥ ሰዓቱን እያየ፥ ደክሞት የሚጠብቅ ሰው ነው። ሮድስ ሥራውን ያኖረው እንደዚህ ላለው ሰው ነበር።

እነዚህን ሦስት ሰዎች ስናነጻጽር ማንኛውም ይህን የመሰለ ሥራ ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉት እንረዳለን። አንደኛ አንቀሳቃሽ ኀይል፤ ነፋስ፥ እጅ ወይም ክብደት። ሁለተኛ መቺ። ሦስተኛ ተመቶ የሚጮኸው አካል። ከሦስቱ ብዙ ምሥጢር ያለው ሦስተኛው ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ጥቂት እንቆያለን።

አንድ የብረት ቧንቧ ሲመታ ሙሉ አካሉ እኩል አይርገበገብም። መካከሉና ሁለቱ ጫፎቹ ብዙ ይርገበገባሉ፤ በመካከላቸው ግን ፈጽሞ የማይነቃነቁ ሁለት ነጥቦች አሉ። እነዚህ ነጥቦች ከየጫፉ የርዝመቱ 22.4 በመቶ ላይ ይገኛሉ። ቧንቧው በሌላ ቦታ ቢታሰር ሲባጎው ርግብግቡን ያፍነዋል፤ በዚህ ነጥብ ቢታሰር ግን ያልተያዘ ያህል ነጻ ሆኖ ይጮኻል። እኛ ይህን ያወቅነው በመጽሐፍ ሳይሆን በመሳሳት ነው። ከአንድ ጥገና የተረፈ የብረት ቧንቧ ለምነን በመጋዝ ቆረጥንና ልክ እንደ ጅራፍ ጫፉ ላይ አስረን ሰቀልነው። ብንመታው የተሰነጠቀ ገንቦ ድምፅ ሰጠ። ያ የምሕንድስና ጓደኛችን ሥቆ ሥቆ ሲያበቃ ማስመሪያውን አመጣና 60 ሳንቲሜትር በሆነው ቧንቧ ላይ ከጫፉ 13.4 ሳንቲሜትር ለክቶ ምልክት አደረገ። በዚያ በስተን አሰርነው። በሁለተኛው ምት ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ፤ ድምፁ እስኪጠፋም ማንም አልተናገረም።

የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ደግሞ በርዝመቱ ይወሰናል፤ ነገር ግን እንደ ክራር አይደለም። የክራርን አውታር እኩሌታ ብንይዝ ድምፁ በአንድ ስምንተኛ ከፍ ይላል፥ ማለትም የርግብግቡ ብዛት በሰከንድ እጥፍ ይሆናል። ቧንቧን እኩሌታ ብንቆርጠው ግን ርግብግቡ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ስምንተኛ ከፍ ለማድረግ ከ60 ሳንቲሜትር የሚቆረጠው ወደ 42.4 ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ ከዋናው ድምፅ ጋር አብረው የሚወጡት ቀጫጭን ድምፆች በአውታር ላይ 2 እጥፍ፥ 3 እጥፍ እያሉ በሥርዓት ሲሄዱ፥ በቧንቧ ላይ ግን የመጀመሪያው 2.76፥ ሁለተኛው 5.4 እጥፍ ያህል ነው። ቃጭል እንደ ቃጭል እንጂ እንደ ክራር የማይሰማው በዚህ ምክንያት ነው። እነዚህ ቀጫጭን ድምፆች ቶሎ ይጠፉና ዋናው ብቻውን ይቀራል። መቺው ብረት ከሆነ እነርሱ ይበረታሉና ጆሮ ይወጋል፤ እንጨት ከሆነ ይለዝባል።

አሁን ወደ ክርክሩ ዋና ነጥብ ደረስን። ነፋስ ዜማ አያውቅም። መጀመሪያ የትኛውን ቧንቧ፥ ቀጥሎ የትኛውን እንደሚመታ አይመርጥም፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊመታቸው ይችላል። እንዲህ ከሆነ ስለ ምን ሁካታ አይሆንም? መልሱ በቧንቧዎቹ አመራረጥ ላይ ነው። ሠሪው ከየትኛውም ጋር ቢገናኙ የማይጣሉ ድምፆችን ብቻ ይመርጣል። ብዙዎቹ ሠሪዎች የሚመርጧቸው አምስት ድምፆች ለእኛ እንግዶች አይደሉም፤ ፈረንጆች ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ የሚሏቸው፥ እኛ ደግሞ በትዝታ ሜጀር ቅኝት የምናውቃቸው ናቸው። በእነዚህ አምስት ድምፆች መካከል የግማሽ ድምፅ ርቀት የለም፤ ስለዚህ የትኞቹም ሁለቱ አብረው ቢመቱ ጆሮን አያሻክሩም። የአንቺ ሆዬን ቅኝት ብንወስድ ግን እጅግ የተቀራረቡ ድምፆች አሉበት። ድምፃዊት እነዚያን ድምፆች በጥበብ አስከትላ ልብ ትሰቅልባቸዋለች፥ መልሳም ታወርዳለች። ነፋስ ግን መስቀል እንጂ ማውረድ አያውቅም።

በመጀመሪያው 60 ሳንቲሜትር ቧንቧ ላይ አራት ጨመርን፤ 56.6፥ 53.7፥ 49 እና 46.5 ሳንቲሜትር አድርገን ቆረጥናቸው። በመካከላቸው ክብ እንጨት፥ ከሥሩም ነፋስ የሚይዝ ቀላል ሰሌዳ አንጠለጠልን። አንባቢ ሊሠራው ቢፈልግ አምስቱን ከአንድ ዓይነት ቧንቧ ይቁረጥ፤ ቧንቧ ቢለያይ ልኩ አይሠራምና። ማሰሪያውንም በየቧንቧው ርዝመት 22.4 በመቶ ያስላ።

ሰቅለን ስናዳምጥ የገረመን ነገር ይህ ነው። በማሲንቆ ስንሰማቸው ዓይናችንን እንባ የሚያስሞሉት እነዚያው አምስት ድምፆች ከቧንቧዎቹ ሲወጡ ምንም አላሳዘኑንም። ቅኝቱ ያው ነው፤ የቀረው ቅደም ተከተሉ ነው። ትዝታን ትዝታ የሚያደርገው አንዱ ድምፅ ሌላውን ሲጠራ፥ ያለፈውን ሲያስታውስ፥ ሊመጣ ያለውን ሲያስናፍቅ ነው። ነፋስ ያለፈውን አያስታውስም፥ የሚመጣውንም አያስናፍቅም፤ ነፋስ ትዝታ የለውም። ስለዚህም አድማጩ የሚጠብቀው ነገር የለም። ሐሳቡን የሚጎትተው ዜማ ባለመኖሩ ያርፋል፤ ግን ፈጽሞ ዝም ስላላለ አይሰለችም። ማረፍ የምንለው ስሜት የሚመጣው ከዚህ ይመስለናል።

ጓደኛችን «ዜማውን ያወጣው ሰው የለም» ላለው መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው። እውነት ነው፥ ዜማውን ያወጣ የለም፤ ዜማው የሚወጣበትን ወሰን ያበጀ ሰው ግን አለ። ብረቱን የመረጠ፥ ርዝመቱን የለካ፥ የሚጣሉትን ድምፆች አስቀድሞ ያስወጣ፥ ከዚያም እጁን ሰብስቦ ለነፋስ የለቀቀ ሰው አለ። የቤተ ክርስቲያን ጸናጽልም ሲንቀሳቀስ ይጮኻል፤ ነገር ግን መቼ እንደሚወዛወዝ ዜማውን የተማረው መሪጌታ ያውቃል። በካልደርና በሮድስ ሥራ ግን ያልተማረው ሁሉ፥ ሕፃኑም መንገደኛውም፥ ሊሳሳት በማይችልበት ወሰን ውስጥ ነው። ለሌላው እንዳይሳሳት አድርጎ መሥራት ቀላል ጥበብ አይደለም።

ነገር ግን ጓደኛችን ያላነሣው፥ እኛ ራሳችን የደረስንበት ሌላ ክስ አለ፤ ሳንናገረው ብናልፍ ሐቀኞች አንሆንም። ቃጭላችንን በመኝታ ቤቱ መተላለፊያ መስኮት ላይ ሰቅለን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ወደደው። በሦስተኛው ሌሊት ነፋሱ በረታ፤ በማግሥቱ ፈተና የነበረበት አንድ ተማሪ ተነሥቶ መቺውን በካልሲ ጠቀለለው። ጠዋት አይተን ተቆጣን፤ በኋላ ግን ስናስበው ልክ ነው አልን። ሥዕል ያልወደደ ፊቱን ያዞራል። ዓይን ክዳን አለው፤ ጆሮ ግን ክዳን የለውም። ድምፅ ያለው ቅርፅ ሳይጠየቁ የሚገቡበት ቤት ሁሉ ባለዕዳ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ጉዳትም አለ። ሙዚየሞች እንዳይሰበሩባቸው ሲሉ እንዲህ ያሉትን ሥራዎች «አይንኩ» በሚል ጽሑፍ ይከልሏቸዋል። ሥጋታቸውን እንረዳለን፤ የቆየ ሽቦ ይበጠሳል፥ ጠርሙስም ይሰበራል። ነገር ግን ማንም የማይገፋው ኳስ፥ ነፋስ የማይደርስበት ዘንግ፥ ተመልሶ ያ ዝም ያለ ሐውልት ይሆናል። እንዲህ ያለው ሥራ የሚኖረው በሁለቱ መካከል ነው፤ ሰው ሊደርስበት በሚችልበት፥ ግን ሊርቀው በሚችልበት ቦታ።

እኛም ይህን አስበን ቃጭሉን ከመኝታ ቤቱ አውርደን ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ባለው ጥድ ላይ ሰቀልነው። ከንባብ ክፍሉ አይሰማም፤ ከዛፉ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ለተቀመጠ ግን ይሰማል። ካልሲውንም ለባለቤቱ መልሰናል። ባለፈው ሳምንት በዚያ ስናልፍ ያ የፈተናው ተማሪ ብቻውን ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ፈተናው እንዴት እንደ ሆነለት አልጠየቅነውም፤ እርሱም አልነገረን። ነፋስ እስኪመጣ አብረን ተቀመጥን።